ከነላስቲኩ ይተከላል

በደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ የችግኝ ላስቲክ በሚመረትበት ፋብሪካ ጓሮ፤ የመንግሥት የምርት መለያ ተቆጣጣሪ የሆነችው ወጣቷ ምንታምርና አረጋዊው ባለፋብሪካ አቶ ሽመክት፣ ሥሩ ተቆፍሮ በተገለጠ የጥድ ችግኝ አጠገብ ቆመዋል።

አቶ ሽመክት፦ ይኸው ቆፈርሽ። ላስቲክ አገኘሽ? አላገኘሽም። እንግዲህ «ከነላስቲኩ ይተከላል» የሚለውን መለያ ፍቀጂልኝ።

ምንታምር፦ አልፈቅድም።

አቶ ሽመክት፦ አምና ከነላስቲኩ የተተከለ ጥድ እኮ ነው! ላስቲኩ በስብሶ አፈር ሆነ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ምንታምር፦ የጠረጠርኩትም እሱኑ ነው። ቅዳጁ እንኳ የለም። እንዲህ ሙልጭ ብሎ የሚጠፋ ላስቲክ አይቼ አላውቅም።

አቶ ሽመክት፦ እውነቱን ንገሪኝ፤ የላከሽ ሰው አለ? ያን ጎረቤቴን የእኔ ሥራ እንቅልፍ ነስቶታል።

ምንታምር፦ የላከኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ይልቅስ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሥሩን ያጸዳ ሰው የለም?

አቶ ሽመክት፦ እኔን? በዚህ ሽበት? እስቲ አፈሩን እዪው፤ የተነካ ይመስላል?

ምንታምር፦ አይመስልም። እሱም አላማረኝም።

አቶ ሽመክት፦ ቢነካ ሌባ፣ ባይነካ ጠንቋይ አደረግሽኝ! ልጄ፣ ክረምት ደርሷል። ያለ መለያው ገዢ የለኝም፤ ማሽኑ ቆሟል፤ ሠራተኞቼ በር ላይ ተቀምጠው ያንቺን ፊት ያያሉ።

ምንታምር፦ ስገባ አይቻቸዋለሁ፤ አዝኛለሁም። ነገር ግን «ከነላስቲኩ ይተከላል» የሚለውን ያነበበ ገበሬ አምኖ ይተክላል። ላስቲኩ ካልበሰበሰ ሥሩ ይታፈንና ችግኙ ይሞታል። ያን ገበሬ ያታለልኩት እኔ እሆናለሁ። ይህንን ጥድ የተከለው ማን ነው?

አቶ ሽመክት፦ እኔው ነኛ! ሰው አላምንም ብዬ በገዛ እጄ። በየክረምቱ ችግኝ ስተክል ነው ያረጀሁት፤ ዓይኔን ጨፍኜ እተክላለሁ።

ምንታምር፦ እንግዲያው ይህችን በእርስዎ ላስቲክ የበቀለች ሌላ ችግኝ ይትከሉልኝ፤ ልክ አምና እንዳደረጉት።

አቶ ሽመክት፦ ፈተና መሆኑ ነው? አምጫት! ዘቅዘቅ ማድረግ... ታችዋን መታ መታ... ቀስ ብሎ ማስገባት... አፈሩን መመለስ... በእግር ጠቅጠቅ። አለቀ! ምነው አፈጠጥሽብኝ?

ምንታምር፦ በግራ እጅዎ የጨበጡት ምንድን ነው?

አቶ ሽመክት፦ ይህ? ይህማ ላስቲኩ ነው! ሳይገፈፍ ይተከላል እንዴ?