ንቁ አባል ማን ነው?

በሰው አገር ከተማ፣ ከዋሄን ገበያ ወደ 31 ሜይ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሴት በአማርኛ ይሟገታሉ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ለቴሌግራም ግሩፓችን አድሚንነት መወዳደር አይችሉም።»

«ለምን? ከተከፈተ ጀምሮ አለሁበት እኮ!»

«መኖር ብቻ አይበቃም። ሕጉ ‹አድሚን ንቁ አባል መሆን አለበት› ይላል፤ እርስዎ ምንም አይጽፉም።»

«ባለፈው ጁምዓ የከድር እናት ሲሞቱ እናንተ ምን አደረጋችሁ?»

«ሁላችንም ‹ኢና ሊላሂ› ብለን ጻፍን። እርስዎ ግን ዝም አሉ።»

«ጀናዛቸውን እያጠብኩ ነበራ! በየትኛው እጄ ልጻፍልህ?»

«እሱማ... ሕጉ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ሕጉን ቀይሩት! እኔ ከውድድሩ አልወጣም። ስሜን ብትሰርዙት ግን፣ የሚቀጥለውን ጀናዛ በስልካችሁ እጠቡት!»

እጄ ላይ የነበረውን ስልክ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።