ለሰላምታ የማይበቃ ቺፕ

የጋምቤላ ክልል ገና በተቋቋመበት ሰሞን ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ከተማ በፒክአፕ ስመጣ፣ አጠገቤ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጠጋኙ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት የግድግዳ ሰዓት አስቀምጧል።

«አባቴ፣ ሰዓቱን የመለሱልኝ አልናገር ብሎ ነው?»

«ይናገራል። ግን የጸሎት ሰዓት ደረሰ አይልም።»

«ድምፁን የቀዱት እኮ እርስዎ ነዎት። ድምፁን የሚቀዳው ቺፕ የሚይዘው ሃያ ሰከንድ ብቻ ነው አላልኩም?»

«ብለሃል።»

«ታዲያ ምን ብለው ጀመሩ?»

«ሰላም ናችሁ ወይ አልኩ። ልጆች ደህና ናቸው ወይ፣ በቆሎው ደህና ነው ወይ፣ ወንዝ ማዶ ያሉትስ ደህና ናቸው ወይ አልኩ።»

«ሃያው ሰከንድ እዚያ ላይ አለቀ።»

«አዎ፣ ‹ወንዝ ማዶ› እያልኩ።»

«ሰላምታውን ይተዉታ። የጸሎት ሰዓት ደርሷል ካሉ ይበቃል።»

«ሰላም ሳይል? ሰው ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ተነሡ የሚል ማን ነው?»

«ስልሳ ሰከንድ የሚይዝ ቺፕ አለ፣ ግን ውድ ነው። የቤተ ክርስቲያናችሁ ኮሚቴ ደግሞ ርካሹን ግዛ ብሎኛል።»

ሽማግሌው ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አሉ።

«እንግዲያው ርካሹን ሁለት አድርገው። አንዱ ሰላም ይበል፣ ሌላው ሰዓቱን ይናገር።»

«ይሄ ይሆናል። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል።»

«የለም፣ እሱም ሲመጣ መጀመሪያ ሰላም ማለት አለበት።»

ፒክአፑ ላይ ስወጣ ለማንም ሰላም አለማለቴ ትዝ ሲለኝ፣ ሽማግሌው እንዳያዩብኝ እጅጌዬን ቀስ ብዬ በእጅ ሰዓቴ ላይ ሳብኩት።