የቶፖር ባለቤት

ዌስት ሴንት ፖል ላይ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። አዲስ መጥረቢያ ጭኑ ላይ አጋድሞ ከኋላዬ ተቀመጠ። ሞስኮ ስለተማርኩ በቋንቋው አወራሁት፤ ደስ አለው። «ቶፖር የሚለው ስሙ» አለ ስለቱን እየዳሰሰ፣ «ንጹህ የኛ ቃል ነው።» ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ ቃል ነበር፤ መምህሬ አይረባም ብሎ ከመለሰልኝ በኋላ በራሱ ስም አሳትሞታል። «ኧረ አባባ፣ ከጥንት ኢራኖች የተዋሳችሁት ነው» አልኩት።

በመስታወቱ አየሁት፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ እጀታውን ጨብጧል። «ማን ነው ያለው?» አለኝ። «እኔ» ማለት አቃተኝ። «የሞስኮ ፕሮፌሰር ነው» ብዬ የዚያኑ መምህሬን ስም ጠራሁ። «የኛ ሰው ካለማ እሺ» ብሎ መጥረቢያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ተረፍኩ፤ ሥራዬን ግን በገዛ አፌ ለሌባው አጸደቅሁለት።