የአሰልጣኙ አባት ስም

አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በተሳፈርኩበት ባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የሚያውቋትን ሴት አግኝተው ወሬ ይዘዋል።

«አሁንም ቫን ይነዳሉ ጋሼ?»

«ለሰመር ካምፕ። ለክረምቱ እንዲቀራረቡ ብለው ከአገራቸው ያመጧቸውን የእስራኤልና የፍልስጤም ልጆች ኳስ ሜዳ አደርሳለሁ።»

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ! አንድ ቡድን፣ አንድ ማሊያ።»

«በስመ አብ! አይደባደቡም?»

«መጀመሪያ ቀን ጎን ለጎን አንቀመጥም ብለው ነበር። ትናንት ግን ቤቱ የፈረሰበት የፍልስጤሙ ልጅ ጎል ሲያገባ፣ ወንድሙን የቀበረው የእስራኤሉ ልጅ ሮጦ ተጠመጠመበት። እዚያው ሜዳ ዳር እንባዬ መጣ።»

«ጉድ እኮ ነው! የልጅ ልጅዎስ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ኳስ ይጫወታል አይደል?»

«አስወጣነው።»

«እንዴ! ምነው? ለኳስ እኮ ሟች ነው!»

«አዲስ አሰልጣኝ መጣ። አበሻ ነው ብለን ደስ አለን። ኋላ የአባቱን ስም ብንጠይቅ፣ ለካ ከነዚያ ወገን ነው።»

«ልጁስ ምን አለ?»

«ማሊያውን አላወልቅም ብሎ ለብሶት ይተኛል።»

«ጋሼ! አሁን እርስዎ አይደሉም እንባዬ መጣ ያሉኝ?»

«የኛ ሌላ ነው፣ ልጄ።»

በአንገቴ ያንጠለጠልኩትን የሥራ ባጅ፣ የአባቴ ስም ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጌ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት።