ተምሮ ያልተበላሸ እጅ

እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ ሀብትነሽ? ይግቡ፣ ይግቡ። ከቡሬ መንገዱ እንዴት ነበር? በጭነት መኪና ላይ ነው የመጡት? አቧራው መቼም... እኛም ፍኖተ ሰላም ዝናቡ ዘግይቶብናል። ከብቱስ ደኅና ነው? ተመስገን።

እስቲ የያዙትን ልየው። እ... የባለቤትዎ የመሪጌታ ላቀው ፎቶግራፍ። ነፍስ ይማር። አርባቸው እሑድ ነው አይደል? ለተዝካሩ ሰው ይያቸው ብለው ከሣጥን ቢያወጡት፣ እንዲህ ሆኖ ጠበቀዎት... ፊታቸው የት ሄደ? አይ፣ አለ፣ አለ። ወደ ብርሃን ሳስጠጋው አንድ ጆሮ ይታየኛል።

ማን እንዳነሣቸው አልጠይቅም። እንዲህ ያለ እጅ ቡሬ ውስጥ ስንት አለና? አምና ለጥምቀት እኔም ካሜራዬን ይዤ ከቡሬው ፎቶ አንሺ ጎን እደጃፋችሁ ቆሜ ነበር፤ ትዝ ይልዎታል? መሪጌታ «ይህ ልጅ ሰዓት እያየ ነው የሚሠራው፤ ያኛው ግን ጸጋ አለው» ብለው ሳቁና በእሱ ተነሡ። እውነታቸውን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓመታት ተቀምጬ ተምሬ፣ ዛሬም ከማንሣቴ በፊት ብርሃኑን ደጋግሜ እለካለሁ፤ ለክቼም እጠራጠራለሁ። ሌላው ምን ቸገረው? ከእናቱ ሆድ ካሜራ አንጠልጥሎ የወጣ!

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል... ለእኛ ለደካሞቹ ነዋ። የታደለ ሰው ጠምጥሞ ይወለዳል። መጠምጠም ካልን አይቀር፣ የመሪጌታን ጥምጥም ከግማሹ ጎምዶታል፤ ያን ጊዜ አላዩትም? ግድ የለም፣ ሊቅ በጥምጥም አይታወቅ ብሎ ይሆናል።

እኛማ ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ስናወጣው በውሃ ስናጥብ፣ ስናጥብ እንውላለን። መድኃኒቱ ከቀረበት ውሎ አድሮ ምስሉን ይበላዋል ብለው አስተማሩን። አንድ ቀን ይህን ባነሣበት «ውሃ ለልብስ ነው» አለኝ። ጸጋን ማን ያጥባል?

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። መሪጌታ ራሳቸው ድጓውን ከልጅነት ጀምረው እስኪሸብቱ ነው የተማሩት ይባላል... ያን የመሰለ ድምፅ እግዜር ሰጥቷቸው፣ ለምን ያን ያህል ደከሙ? እንጃ። የማይገባኝ እኔ ነኝ ይሆናል።

ፊልሙ ቢኖር እንደገና አትሜ ለእሑድ አደርስልዎ ነበር። ጠየቁት? ምን አለ... «ዓይኔ ካየ ፊልም ምን ያደርጋል» ብሎ ጣለው? ይጣል እንጂ! እንዲህ ያለ ዓይን ካለ የእሑዱን እድምተኛ ሁሉ ወስዶ ዓይኑ ሥር ማሰለፍ ነው፤ መሪጌታን እዚያ ውስጥ ያያቸዋል።

አይ፣ አያልቅሱ፣ እትዬ። በጨርቅ ጠቅልለው ከብርሃን ያርቁት፤ ያ ጆሮ እንኳ ይትረፍ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም። ያልተማርሁትን ከየት አመጣለሁ?

ቡሬ ሲገቡ ያን ፎቶ አንሺ ሰላም ይበሉልኝ፤ አደራ። ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። እጁን እግዜር እንደ ፈጠረው ይጠብቅለት፤ ምንም አይጨመርበት። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም መልኩን እንዳይረሱት... ፎቶግራፉን ራሱ አንሥቶ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ ይተውላቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።