ጎኑ የቆሰለ አውሮፕላን

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አባቴን ለልብ ሕክምና ከወገዳ ባሕር ዳር አምጥቼ፣ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ገብተን ቀበቶ ካሰርን በኋላ «ውረዱ» ተባልን። ለካ ሻንጣ የሚያመላልሰው መኪና አውሮፕላኑን ጎኑ ላይ ገጭቶታል! ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጥሪ የለም። የሐኪሙ ቀጠሮ ሊያልፈን ነው ብዬ ስጨነቅ «ተጠግኗል፣ ግቡ» አሉን።

አባቴ ደረጃው ሥር ሲደርሱ አልወጣም ብለው ቆሙ። የጠገነው ባለሙያ ቱታውን እንደለበሰ እዚያው ነበር። «ልጄ፣ እኛ አገር ገጣባ አህያ ቁስሉ ሳይሽር አይጫንም» አሉት።

«አይስጉ አባቴ፣ በእጄ ነው ያሰርኩት። ምንም አይሆንም» አላቸው። ደግፌ አስገባኋቸው።

አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮት ብመለከት፣ ያ ባለሙያ ወደ እኛ ቀና ብሎ እያየ ያማትባል። አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ! ዞር ስል አባቴም አይተውታል፤ ፊታቸው በርቷል።

«አየኸው? የጠገነው እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔ አዲስ አበባ እስክንደርስ ወንበሩን ጨብጬ ውዬ፣ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። ሰውየው የፈራው እግዜርን ይሁን ያሰረውን ብሎን፣ እስካሁን አላወቅሁም።