«ድኛለሁ» ያለችው ልጄ

አባቴ «ወለምታ በማሸት፣ ሕመም በጸሎት ይለቃል» ይል ነበር። ልጄ ጫልቱ ገመድ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷን ወለም ሲላት ሁለቱንም አደረግሁላት። በቅቤ አሸሁት፣ ጸለይሁና «ዳንሽ አይደል?» አልኳት። «አዎ አባዬ፣ ድኛለሁ» አለች።

እሑድ ቸርች ለምስክርነት ይዣት ወጣሁ። «ጌታ ፈወሰኝ» ስትል ጉባኤው እልል አለ። እሷ ባንድ እግሯ ቆማ ታነባለች፤ እኔ ሞኙ የደስታ እንባ መሰለኝ። ስንወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ከእጃጂ በእንግድነት የመጣች ነርስ ናት አሉ፣ ጎንበስ ብላ የልጄን ካልሲ ዝቅ አደረገች። እግሯ አብጦ ጠቁሯል።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «እምነት የለሽም እንዳትለኝ ፈርቼ» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ አንገቴን ደፋሁ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፦ «ኦቦ፣ ጌታ ይፈውሳል። እርስዎ ግን ልጅቷን አያስዋሿት።»